ከኮምፔንሳቶው ጀርባ

ሽታው የጀመረው በሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ መንገዱ ወደ ተራራው መጠምዘዝ ሲጀምር ነው። ዶክተሯ አፍንጫዋን በሹራቧ እጀታ ሸፍና ከአልጋው ራስጌ ወዳለው መስኮት ዞረች። ውጪው አምሮበታል። ሸለቆው በጭጋግ ተሞልቷል፤ ከጭጋጉ በላይ የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ፀሐይ ይሞቃል፤ ከአለቱ ላይ ቀጭን ፏፏቴ ይወርዳል። ሰው ይህን ለማየት ዓመት ሙሉ ይመኛል። የእሷ ሐሳብ ግን አንድ ብቻ ነበር። የሚሸተው ድመቷ ናት፣ ሽንት ቤቱ ነው ወይስ ሰውየው?

ሰውየው መሪውን ይዞ ያፏጫል። ጋራዥ ውስጥ ሁሉም ስቱኮ ይለዋል። ባትላሜራ ነው። የተጋጨ መኪና ላሜራ ቀጥቅጦ ያቃናል፤ ጎድጓዳውን በስቱኮ ይሞላል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ቀለም ይቀባል። ሲያስረክብ ባለመኪናው ራሱ የት ጋ እንደተጋጨ ይጠፋዋል። ይህንንም ቤት መኪና ከተጣለ ሚኒባስ ሁለት ዓመት ለፍቶ በገዛ እጁ ሠራው። አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ከመጋረጃ ጀርባ አንዲት ጠባብ ሽንት ቤት አለችው፤ ግድግዳው ዙሪያውን በኮምፔንሳቶ ጣውላ ተለብጧል። የሠራው ለእሷ ነው። ከሠርጋችን በፊት ተራሮቹን ላሳይሽ ብሎ ይዟት ወጣ።

እሷ የጥርስ ሐኪም ናት። እናቷም የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ክሊኒኩም የእሳቸው ነው። ስቱኮን ያወቀችው መንጋጋው አብጦ የመጣ ዕለት ነው። መርፌው ሲገባ የወንበሩን መደገፊያ ጨብጦ ስለነበር፣ ተነሥቶ ሲሄድ ነጩ ቆዳ ላይ አምስት ጥቁር የጣት አሻራ ተወ። ነርሷ በአልኮል ብትፈትገው ብትፈትገው አልለቀቀም። ዶክተሯ ያንን አሻራ እያየች ሳምንቱን ሙሉ ለብቻዋ ስትስቅ ሰነበተች። ፍቅር የያዛት እንዲህ ነው።

እናቲቱ ግን አልሳቁም። ቀለበት ከታሰረ በኋላ እንኳ ስሙን ጠርተውት አያውቁም፤ "ያ ልጅ" ነው የሚሉት። ለጉዞው ልታስፈቅዳቸው ስትሄድ ግን ያልጠበቀችውን መለሱላት።

"ሂጂ። ሦስት ቀን አንድ ክፍል ውስጥ አብረሽው ኑሪና ትነግሪኛለሽ።"

እናት ልጃቸውን ያውቃሉ። ቀኑን ሙሉ በሰው አፍ ውስጥ ስትቆፍር የምትውል ልጅ፣ ጓንቷን ካወለቀች በኋላ የበር እጀታ የምትከፍተው በክርኗ ነው።

ሦስተኛዋ መንገደኛ እሜቴ ናት፤ የጋራዡ ድመት። ግራጫ ናት፣ አንድ ጆሮዋ ተቀዷል፣ ሰውን የምታየው ሠራተኛዋን እንደምታይ ወይዘሮ ነው። መኪናው ተሠርቶ ካለቀ ጀምሮ ሳምንት ሙሉ አልጋው ላይ ተኝታ አልወርድም ስላለች ስቱኮ ጥሏት መሄድ አልሆነለትም። በመጀመሪያው ቀን፣ ከተማው ገና ከኋላቸው ሳይጠፋ፣ የበላችውን ሁሉ የዶክተሯ ነጭ ጫማ ላይ አስመለሰች። ስቱኮ መኪናውን ዳር አስይዞ በቁራጭ ጨርቅ ጠረገው። ጨርቁ አልበቃ ሲለው በእጁ ጨመረበት። ከዚያ ያንኑ እጁን ሱሪው ላይ አሸት አሸት አደረገና ዳቦ ቆረሰላት።

"እንኪ፣ ባዶ ሆድሽን ስለሆነ ነው የሚያቅለሸልሽሽ።"

"መጀመሪያ እጅህን ታጠብ።"

ማንም ሰው የሚለው ነገር ነው። እሱ ግን ዳቦውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ዓይኑን ፊቷ ላይ አሳረፈው። ቁጣ አልነበረበትም። የሚያውቀውን ሌላ ሰው ድንገት እሷ ፊት ላይ ያገኘ ነበር የሚመስለው። ከመኪናው ወረደና ከጀሪካኑ ቀድቶ እስከ ክርኑ ታጠበ። ከዚያ ወዲያ አንድ ነገር ሲያቀብላት ጣቶቹን ወደ ውስጥ አጥፎ ሆነ። በዚች ይኮረፋል ብላ እሷም ተቀየመችው።

በሁለተኛው ቀን ሽታው መጣ። ጣፈጥ ጣፈጥ የሚል ነገር አለው፤ ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። የበሰበሰ ጥርስ ሽታ ለእሷ የዕለት እንጀራዋ ነው፤ ይህ ግን ከዚያም የባሰ ሆነባት። ሽንት ቤቱን አስደፋችው፣ በበረኪና አሳጠበችው፣ የእሜቴን ምንጣፍ ገደል አስወረወረችው። ሽታው ግን ከእነሱ ጋር ዳገቱን ወጣ።

"አሁንም ይሸታል" አለችው።

"ምን ምን ይላል? እኔ እኮ የቀለም ጋዝ አፍንጫዬን ከገደለው ቆየ" አለና ሳቀ።

ሳቁ አስጠላት። በዚህ ግማት ውስጥ እያፏጨ የሚኖር ሰው። ፀጉር ያለበት ብርድ ልብስ፣ ፀጉር ያለበት ሻይ፣ ከእጅ ላይ የማይወጣ ግራሶ። ከራስጌዋ በላይ ደግሞ እሜቴ ቁጭ ብላ ግድግዳው ላይ አፍጥጣለች። ዶክተሯ ስትተኛም ስትነሣም ድመቷ ያንኑ ግድግዳ ታያለች፤ የናቀቻት መሰላት።

ሰው ሲጸየፍ የድሮ ቂም ይቆጥራል። እሷም ቆጠረች። ለሥልጠና አንድ ዓመት ባሕር ማዶ ሄዳ ነበር። ስትሄድ፣ "ደብዳቤህን ክሊኒክ አድርስ፤ እማዬ በየወሩ ከምትልክልኝ ጥቅል ጋር ትልክልኛለች" ብላው ነበር። በየወሩ ጥቅሉን እየተቻኮለች ትፈታዋለች። ካልሲ፣ ብስኩት፣ ሻይ ቅጠል። ከእሱ አንዲት መስመር የለም። ስትመለስ ከአውሮፕላን ጣቢያ በቀጥታ ጋራዥ ሄደችና ለምን ብላ ጠየቀችው። "ጽሑፍ ላይ ደካማ ነኝ" አላት እየሳቀ። ይቅር አልኩት ብላ ነበር። አሁን በዚህ ሽታ ውስጥ ሆና ስታስበው ይቅር አላለችውም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ እሱ ውጪ ጎማ ሲያይ፣ ከቦርሳዋ የክሊኒኩን የመድኃኒት ማዘዣ አወጣችና አንድ ቅጠል ገንጥላ ጻፈችበት።

"ይቅር በለኝ። እወድሃለሁ፤ ገላዬ ግን እምቢ አለኝ። ሽታውን አልቻልኩትም፣ ፀጉሩን አልቻልኩትም፣ እጅህን አልቻልኩትም። ከፊታችን ያለችው ከተማ ስንደርስ በአውቶቡስ እመለሳለሁ።"

ሲደርሱ ልትሰጠው ስኳር ቆርቆሮው ሥር ሸጎጠችው። ምንጭ ወርዳ ፊቷን ታጥባ ስትመለስ ቆርቆሮው አለ፣ ወረቀቱ የለም። መስኮቱ ክፍት ነው። ንፋስ ወስዶት ይሆን? ስቱኮን በዓይኗ ሰረቅ አድርጋ አየችው።

"ሻይ ልጨምርልሽ?" አላት፤ ቀና ብሎ አላያትም። አንብቦት እንደሆነ ከፊቱ ላይ ማወቅ አልቻለችም።

እኩለ ቀን ላይ መንገዱ ተዘጋ። ናዳ ወርዶ እየተጠረገ ነው። የኬላው ዘበኛ፣ አንድ ፂማቸው የሸበተ ሽማግሌ፣ በመስኮቱ አንገታቸውን አስገቡና ወዲያው መልሰው አወጡት።

"በስመ አብ፣ ሬሳ ነው እንዴ የጫናችሁት?"

ዶክተሯ መሬት ተከፍታ በዋጠቻት። "ድመት ናት አባባ" አለች።

"ድመትማ ይችው ተጎልታ የለ እንዴ፤ እሷ ምን አጠፋች? የሞተ አይጥ ነው ልጄ። አሥራ ሁለት ዓመት የእህል መጋዘን ጠብቄያለሁ፤ ይህን ሽታ ተኝቼም አውቀዋለሁ። ይልቅ ድመቷ የምታየው የት ነው? እሱን ግድግዳ ክፈቱት።"

ሁለት ቀን ሙሉ ድመቷ ስትናገር የሰማት እንዳልነበረ ለዶክተሯ ገባት። ወደ ስቱኮ ዞረች። ፊቱ አመድ መስሏል።

"እሱ ግድግዳ አይከፈትም" አለ።

"ራስህ አይደለህ የገጠምከው?"

"ይበላሻል። ምናልባት ከቧንቧው ይሆናል፤ ልየው" አለና መኪናው ሥር ገባ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ እስከ ክርኑ ጠቁሮ ወጣ። ቧንቧው ምንም አልሆነም። ዶክተሯ የሚደብቃትን ነገር ልታስብ ሞከረች፤ ያሰበችው ሁሉ የሚያስቀይም ሆነባት።

መንገዱ ተከፍቶ ተራራው አናት ላይ ሲደርሱ፣ "አቁም" አለችው። ከታች ከተማዋ ትታያለች፤ ቆርቆሮ ጣሪያዎቿ ያብረቀርቃሉ። አውቶቡሱ ከዚያ ተነሥቶ በዚህ አናት በኩል ወደ እነሱ ከተማ ያልፋል።

"ካቻቢቴ ስጠኝ።"

"ዶክተርዬ፣ ተይው። ከተማ ላድርስሽና ብቻዬን እከፍተዋለሁ።"

"ከተማ አድርሰኝ ያለህ ማን ነው? አንብበኸዋላ።"

ስቱኮ ካቻቢቴውን ጣቶቹን አጥፎ አቀበላት፤ ራሱ በሩ ላይ ቆመ። ጓንቷን አጠለቀች፣ አፏን ሸፈነች። አራት ብሎን ፈታች። የመብራት ማብሪያው ገመድ የሚገባበት ቀዳዳ አጠገብ ኮምፔንሳቶውን ሳብ ስታደርገው መጀመሪያ የወደቀው የራሷ ወረቀት ነው። ጠዋት የጻፈችው ማዘዣ፤ ለአራት ታጥፎ በቀዳዳው ገብቷል።

ቀጥሎ አይጧ ወደቀች። ሆዷ ተነፍቷል፣ ከሥሯ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሳሉ። እሜቴ ሳምንቱን ሙሉ መውጫዋ ላይ ስለተኛችባት ነው አይጧ የሞተችው። ጎጆዋ ከላሜራውና ከኮምፔንሳቶው መሐል ነበር፤ የተቀዳደደ፣ የታኘከ፣ ሽንት የነካው ወረቀት። ዶክተሯ ትንፋሿን ይዛ ወረቀቱን በሁለት ጣት አነሣችው። የእጅ ጽሕፈት አለበት።

"ውዴ፣ ዛሬ ጥቅልሽ የሚሄድበት ቀን ነው" ይላል ቁራጩ።

ከጎጆው ጀርባ የክሊኒኩ ላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ውስጡ ዘጠኝ ፖስታ አለ፤ ጠርዛቸው ተበልቷል። ሁሉም ላይ የእሷ ስም ተጽፏል፤ ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ተጠንቅቆ የጻፈ ሰው ፊደል። አንዱም ሳይከፈት ለጻፈው ሰው ተመልሷል። እያንዳንዱ ፖስታ ጥግ ላይ ጥቁር የጣት አሻራ አለ። ከላይ አንድ የመድኃኒት ማዘዣ በስፒል ተያይዟል፤ ጽሕፈቱን ገና ሳታነበው አወቀችው።

"ለልጄ ሲጽፉ መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ። ታጥበውም ቢሆን ባይጽፉ ይሻላል።"

በቀኝ እጇ የእናቷን ማዘዣ ያዘች፣ በግራዋ የራሷን። ያው ወረቀት፣ ያው ማኅተም። ፊደል ያስቆጠሯት እናቷ ስለሆኑ ጽሕፈቱም ያው ነው፤ ወደ ቀኝ ያዘመመ፣ ንጹሕ። "እጅዎን ይታጠቡ።" "እጅህን አልቻልኩትም።" የመጀመሪያው ቀን ዳቦ ትዝ አላት። ያኔ እሷ ፊት ላይ ያየው ማንን እንደነበረ አሁን ገባት።

ሮጣ ወርዳ መንገዱ ዳር አስመለሰች። ከሽታው ይሁን፣ ከትሉ ይሁን፣ ከእናቷ ይሁን፣ ከራሷ ይሁን መለየት አልቻለችም። ስቱኮ ሊደግፋት እጁን ዘረጋ፤ ጥቁር መሆኑን ሲያይ መልሶ ሰበሰበው። ከሁሉም በላይ የሰበራት እጁን መሰብሰቡ ነው።

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እናትሽ ናቸው። ከእሳቸው ጋር ላጣላሽ?"

"እና ጽሑፍ አልችልም አልከኝ? ዓመት ሙሉ የረሳኸኝ መስሎኝ ሳለቅስ የከረምኩትን?"

"አውቃለሁ።"

"አታውቅም። ራስጌዬ ሥር አድርገኸው እያየኸኝ አስተኛኸኝ። ያስጠላል። እማዬ የሠራችውም ያስጠላል፣ እኔ የጻፍኩትም ያስጠላል፣ ያንተ ዝምታ ግን እንዴት እንደሚሸት አፍንጫ ስለሌለህ አታውቀውም።"

ስቱኮ መሬት መሬት አየ። "ልጥላቸው አልቻልኩም፤ ላንቺ የተጻፉ ናቸው። ልሰጥሽም አልቻልኩም። እኔ የማውቀው ጎድጓዳ ሲያጋጥም መሙላትና ቀለም መቀባት ነው። ሌላ ሥራ አልተማርኩም።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "የዛሬውንም እዚያው ጨመርኩት። አብሮ ይቀመጥ ብዬ" አላት።

ዶክተሯ አፏን ጠረገች።

"እኔም እኮ ጎድጓዳ ነው የምሞላው" አለችው። "ጠዋት ማታ ሥራዬ እሱ ነው። ግን ብስባሹን ቆፍሬ ሳላወጣ ሞልቼ አላውቅም። በሽተኛው ቢጮህም አወጣዋለሁ።"

ተመልሳ ገባች። አይጧን በጅራቷ ይዛ አወጣች፣ ትሉን በማንኪያ ጠረገች፣ ላሜራውን በበረኪና ፈተገች። ሁለቴ ቋቅ አላት፤ ሁለቴም እስኪያልፍላት ቆማ ቀጠለች። እሜቴ ወንበሩ ላይ ሆና እንደ አለቃ ተመለከተቻት። ከዚያ ዶክተሯ ጓንቷን ቀይራ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ፖስታ ቀደደች።

አጭር ነው። ጽሑፍ ላይ ደካማ መሆኑ እንኳ እውነት ነበር። "ዛሬ አንድ የተጣለ ሚኒባስ አገኘሁ" ይላል። "ሁሉ ቦታው ተጋጭቷል። ቤት ላደርገው ነው። ራስጌሽ በየት በኩል ቢሆን ትወጃለሽ? ንገሪኝና መስኮቱን እዚያ እቀደዋለሁ።" ቀጣዩም፣ ከዚያ ቀጣዩም የሚጠይቀው ስለ መስኮቱ ነው። ዘጠነኛው ላይ፣ "አልመለስሽልኝም፤ ፀሐይ ስለምትወጂ በምሥራቅ በኩል ቀደድኩት" ይላል።

ሁለት ቀን ሙሉ አፍንጫዋን ሸፍና ወደዚያ መስኮት ነበር የዞረችው። እንባዋ ከአፏ ሽፋን ውስጥ ገባ።

የአውቶቡስ ጥሩምባ ከታች ተሰማ። ስቱኮ ቦርሳዋን አንጠልጥሎ መንገዱ መሐል ቆሟል፤ ሌላኛውን እጁን ከፍ አድርጎ አውቶቡሱን እያስቆመላት። ፊቱ ስቱኮ የተቀባ ይመስላል፤ ምንም ጎድጓዳ አይታይበትም። አውቶቡሱ እያቃሰተ ቆመ።

"ግቢ እንጂ እመቤት፣ ቦታ አለ" አለ ሾፌሩ።

"አንድ ደቂቃ" አለችና ማዘዣዋን አውጥታ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጻፈች።

"እማዬ፣ ሦስት ቀን ሞላ፤ ትነግሪኛለሽ ብለሽ ነበር። ሸተተኝ፣ ቀፈፈኝ፣ አስመለሰኝ። የሚሸተው ከየት እንደሆነም አገኘሁት፤ ዘጠኝ ፖስታና ያንቺ ወረቀት ነው። የእኔም አብሮ አለ። እሱን ሁሉ ጠርጌ ስጨርስ አብረን እንመጣለን፤ በሩን የምትከፍችልን ለሁለታችን ከሆነ ብቻ።"

ጓንቷን አወለቀች። የስቱኮን እጅ ያዘች። ወደ ኋላ ሊሰበስበው ሲል ጠበቅ አደረገችው። ግራሶው ያሙለጨልጫል፣ ጥፍሩ ሥር የአሮጌ ስቱኮ ብናኝ አለ፤ ቀፈፋት፣ ክንዷ ሁሉ ብርድ ብርድ አለው። አምስቱንም ጣቱን አንድ በአንድ ከጽሑፉ ሥር፣ ፊርማ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ተጫነች። ወረቀቱን አጥፋ ለሾፌሩ ሰጠችው፤ የክሊኒኩንም አድራሻ ነገረችው።

"አንቺስ አትሄጂም?"

"ወረቀቱ ይበቃል።"

አውቶቡሱ ጠመዝማዛውን ይዞ ሄደ። ስቱኮ አሁንም ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለ ነው። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

"እጄን ልታጠብ" አላት ቀስ ብሎ።

የራሷን መዳፍ ገልብጣ አየችው። ጥቁር ነው። ሽታው ከአፍንጫዋ አልወጣም፤ ነገም ከነገ ወዲያም የሚቀፋት ነገር እንደማይጠፋ ታውቃለች። ጀሪካኑን አነሣችና ክዳኑን ፈታችው።

"ና፣ እንታጠብ" አለችው።